ከዐሥር ስንት?

የዘንድሮው ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ዘጠኝ ተማሪዎች ሆነን በየሳምንቱ ዓርብ ከምሽቱ በ1 ሰዓት በአንዲት ባዶ የመማሪያ ክፍል እየተሰበሰብን ፊልም ማየትን ልማድ አድርገናል። የሲኒማ ቤት ወግ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ከመምህሮቻችን አንዱ ባዋሱን ፕሮጀክተርና ከአንድ ጓደኛችን በምንለምነው ኮምፒዩተር፣ ግድግዳ ላይ በተወጠረ የአልጋ አንሶላ ነው የምናየው። መብራት ካልጠፋ፣ ዘበኛው ቁልፉን ካልከለከሉን፣ አንሶላ የማምጣቱም ተራ የማን እንደ ሆነ ጭቅጭቅ ካልተነሣ፣ ፊልሙ እስከ መጨረሻው ይታያል። ሲያልቅ አንዲት ባለ 50 ቅጠል ደብተር ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ እያንዳንዳችንም ያየነውን ፊልም ከዐሥር ስንት እንደምንሰጠው እንጽፍባታለን። የጋዜጣችን አዘጋጆች ቦታ ስለ ፈቀዱልን፣ ዛሬ ለአንባብያን ጥቂት ልንናገር የፈለግነው ስለዚህች ደብተርና ስላመጣችብን ጣጣ ነው።

«ስንት ቁም ነገር እያለ ስለ ፊልም ማርክ ይጻፋል?» የሚል ወንድም እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለዚህ ወንድም የምንመልስለት፣ አንድ ቀን በካፌ ሰልፍ ላይ ቆሞ ጆሮውን ጣል እንዲያደርግ ነው። ስለ ትምህርት ከሚወራው ይልቅ ትናንት ማታ ስለ ታየው ፊልም የሚወራው ይበልጣል። መብዛቱን አንነቅፍም፤ የሚያሳዝነን ማጠሩ ነው። «እንዴት ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። «አሪፍ ነው» ወይም «ይደብራል» ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ ቁጥር ይጠራል፤ 8፣ 9፣ 4። ነገሩ አለቀ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ የሰው ሕይወት ሲመለከት ያመሸ ሰው ይዞ የወጣው ይህን ብቻ ነው ማለት ነው። እኛም ለብዙ ጊዜ ከዚህ የተሻልን አልነበርንም፤ እንዲያውም ቁጥሩን በደብተር ስለ ጻፍነው ትልቅ ሥራ የሠራን መሰለን።

መጀመሪያ ያየነው ኢጣልያዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 ያወጡትን «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። (የፊልሞቹን ዓመት የምንጠቅሰው ሌላ ካላልን በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።) ከጦርነቱ በኋላ ሮማ ውስጥ ሥራ አጥቶ የከረመ አንድ አባት በየግድግዳው ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ይጠይቃል፤ ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣነት ተይዟል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቿን ገፍፋ ታስይዝና ብስክሌቱን ታስለቅቅለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ አባትና ትንሹ ልጁ ብሩኖ ከተማውን ሙሉ ሲንከራተቱ እናያለን። አባትየውን ሆኖ የተጫወተው ሰው ሙያው ተዋናይነት አልነበረም፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በአንሶላ ላይ አንሶላ ሲያዝ ማየታችን መጀመሪያ ሳቅ ፈጥሮ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን የሚስቅ አልተገኘም። አርእስቱ «ሌባ» ሳይል «ሌቦች» ያለበት ምክንያት የሚገባን፣ አባትየው ራሱ የሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ሞክሮ በልጁ ፊት ሲያዝ ነው። ከዘጠኛችን ከ8 በታች የሰጠ የለም። አንድ ጓደኛችን፣ ባለፈው ክረምት አውቶቡስ ተራ ስልኩን የተሰረቀ ነው፣ 9 ሰጠና «አንዱን የቀነስሁት ሌባው ስላልታሰረ ነው» አለ። ሁላችንም ስለ ተስማማን ደብተሯ ጥሩ ነገር መሰለችን።

ችግሩ የጀመረው በ«ኦፐንሃይመር» ነው። ይህ ክሪስቶፈር ኖላን በ2023 ያወጣው ፊልም ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ በተከታዩ ዓመት ሰባት ኦስካር ወስዷል። ወደ ክፍሉ የገባነው ይህን ሁሉ ሰምተን፣ ዓለም ስንት እንደ ሰጠውም በየስልካችን አይተን ነው። ስለዚህ ፊልሙ ሳይጀመር ማርኩ ተሰጥቶት ነበር ማለት ይቻላል። ደብተሯ 9፣ 9፣ 8፣ 9 እያለች ሄደችና ከአንድ የፊዚክስ ተማሪ ዘንድ ስትደርስ 6 ሆነች። «የፍንዳታው ሙከራ ሲታይ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን የምርመራ ክርክር በዛብኝ፤ ስለ አቶም ከማውቀው የጨመረልኝ የለም» ሲል አስረዳ። 9 ከሰጡት አንዱን «አንተስ ለምን 9 አልህ?» ብንለው ጥቂት አሰበና «ሁሉም ሰው ወዶታል እኮ» አለ። ሳቅንበት። ሳቁ ግን ለሁላችንም የሚገባ ነበር፤ የኛም መልስ ተፈትሾ ቢታይ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ይህ የዓለም ማርክ የሚባለው ራሱ ምን እንደሚለካ የማያውቀው ብዙ ነው። «ሮተን ቶሜቶስ» በሚባለው ገጽ አንድ ፊልም 95 ከመቶ ሲያገኝ፣ ብዙዎቻችን በፈተና ወረቀት ላይ እንደሚጻፍ 95 አድርገን እናነበዋለን። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ከመቶ ሐያስያን 95ቱ «ደኅና ነው» ማለታቸውን ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደ ወደዱት አይነግረንም። መቶውም «ይታያል፣ መጥፎ አይደለም» ቢሉ ፊልሙ 100 ያገኛል፤ ግማሾቹ እንደ ነፍሳቸው የወደዱት፣ ግማሾቹ ያልወደዱት ፊልም ግን 50 ላይ ይቀራል። «ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽን»ንም ተመልከቱ። በ1994 ሲወጣ ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየው ሰው ጥቂት ነበር፤ ለሰባት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም። ከዚያ በኋላ ሰው በቪዲዮና በቴሌቪዥን እያየው፣ «አይ ኤም ዲ ቢ» በሚባለው መዝገብ ተመልካቾች ለብዙ ዓመታት የአንደኝነቱን ቦታ ሰጥተውት ኖረዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከፊልሙ ላይ አንዲት ሥዕል አልተጨመረችም፣ አልተቀነሰችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በኅዳር ወር በአንዱ ዓርብ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አየን። ይህ ፊልም በጥቁርና ነጭ፣ በ1974 የዘውዱ ሥርዓት ሲንገዳገድ በነበረበት ሰሞን አገር ቤት ተቀርጾ በ1976 የወጣ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ያን ጊዜ ራሳቸው በሎስ አንጀለስ ተማሪ ነበሩ። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ከንጋት እስከ ማታ ሲደክም ይታያል፤ ባለርስቱ የፈረንጅ ልብሱን ለብሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይቆጣጠራል፤ በመንደሩ እንደ እብድ የሚቆጠረው ከበበ ሌላው የማይደፍረውን ይናገራል፣ በመጨረሻም ባለርስቱን ይገድላል። ካሜራው አይቸኩልም። በሬ ሲዞር እስኪዞር ይጠብቃል።

የዚህን ፊልም ታላቅነት አስቀድመን አንብበን ነበር። ደብተሯ ስትዞር 9፣ 10፣ 9፣ 9 ተጻፈባት። ሐቁን ለመናገር ከመካከላችን ሁለቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ተኝተው ነበር፤ አንደኛው እንዲያውም ሲያንኮራፋ በክርን ጎሽመነዋል፤ እርሱም 9 ጻፈ። ደብተሯ በመጨረሻ የደረሰችው ከጎጃም ከመጣ አንድ የገበሬ ልጅ ዘንድ ነበር። እርሱ 3 ጻፈ።

ጸጥታ ሆነ፤ ከዚያ ጫጫታ ሆነ። «ለዚህ ፊልም 3 የሚሰጥ ሰው ፊልም አይገባውም» ያለ ነበር። «ታሪካችንን ናቅህ» ያለም ነበር። ሌላው ደግሞ፣ ስሙን አንጠራም እንጂ ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀነው አንዱ ነው፣ «የገበሬ ልጅ ሆነህ እንዴት?» አለው። ያን ጊዜ ልጁ ብድግ አለ።

«የገበሬ ልጅ ስለ ሆንሁ ነው» አለ። «ሞፈሩ ልክ ነው። ድካሙም ልክ ነው። ነገር ግን አባቴ ሲያርስ ከበሬው ጋራ ይነጋገራል፤ ይሰድበዋል፣ ያቆላምጠዋል፣ ያዜምለታል። እናቴ ምሳ ይዛ ስትመጣ ይቀልድባታል፤ እርስዋም መልስ አታጣም። እዚህ ግን ሰዎቹ ሲደክሙ እንጂ ሲስቁ እምብዛም አላየሁም። የአባቴን ድካም አየሁ፤ አባቴን ግን አላየሁትም። እናንተ 9 የሰጣችሁት አዝናችሁለት ነው። እኔ አባቴ እንዲታዘንለት አልፈልግም።»

ይህን ብሎ ወጣ። የዚያን ማታ አንሶላ ተረኛ እርሱ ነበር፤ አንሶላውን ግድግዳው ላይ ጥሎት ሄደ።

ይህን የምንጽፈው ልጁ ትክክል ነው ብለን ለመፍረድ አይደለም። ከመካከላችን ዛሬም 9 የሚሰጡ አሉ፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። ፊልሙ ሊያሳይ የተነሣው ጭቆናን ነው፤ ሳቅ ቢያንስበት ታውቆ ነው፤ ገበሬው እየቀለደ ቢታይ ባለርስቱ «ይኸው፣ ደስ ብሎት ይኖራል» ለማለት ምክንያት ያገኝ ነበር ይላሉ። ዝግታውንም ቢሆን ሦስት ሺህ ዓመት የቆየ ነገር በጥድፊያ አይታይም ብለው ይከላከሉለታል። ይህ ጥሩ ክርክር ነው፤ እኛንም ያሳምነናል። ዳሩ ግን ያን ማታ ይህን ክርክር ያቀረበ ሰው አልነበረም። ክርክሩ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እፍረቱ ከገባን ወዲያ ነው። ያን ማታ በእጃችን የነበረው 9 ብቻ ነበር። ምክንያት ይዞ የመጣው አንድ ልጅ ነበረ፤ ያባረርነውም እርሱን ነው።

ሁለት ዓርብ ቀረ። በካፌ ሲያገኘን ሰላም ይለናል፤ ከጠረጴዛችን ግን አይቀመጥም። እኛም እርስ በርሳችን መጠያየቅ ጀመርን። ተኝቶ የነበረው ጓደኛችን «9 የጻፍሁት ከኔ በፊት 9 ተጽፎ ስላየሁ ነው፤ 5 ብል ምን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ» ብሎ ተናገረ። ምን ፈራ? ፈታኝ የለ፣ ሬጂስትራር የለ፣ ማርኩ ለማንም አይላክ። ለዚህ ያገኘነው ምክንያት አንድ ነው። መምህሮቻችን ይቅር ይበሉንና፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ በደንብ የተማርነው ጥበብ ቢኖር ፈታኙ የሚፈልጉትን መገመት ነው። ጥያቄው «ምን ይመስልሃል?» ቢልም እንኳ፣ ምን እንዲመስለን እንደሚፈለግ አስበን ነው የምንመልሰው። ይህ ልማድ ከፈተናው አዳራሽ ወጥቶ እስከ ጨዋታችን ድረስ ተከትሎናል። ፕሮጀክተር የሚያውሱን መምህር አልፎ አልፎ መጥተው አብረውን ያያሉ፤ ለሁሉም ፊልም 7 ይሰጣሉ። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «7 ላገኘሁት ብሎ አቤቱታ ይዞ የሚመጣ ተማሪ አይቼ አላውቅም» አሉን።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ካየናቸው አንዱ የኮሪያው ቦንግ ጁን ሆ በ2019 የሠሩት «ፓራሳይት» ነው። በካን ከፍተኛውን ሽልማት ያገኘ፣ በ2020ም ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ ተሠርቶ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር በመውሰድ የመጀመሪያው የሆነ ነው። ከምድር በታች ግማሽ በተቀበረ ቤት የሚኖሩ ድኾች አንድ በአንድ በሀብታም ቤት ይቀጠራሉ። ሀብታሙ ሰውየ ክፉ አይደለም፤ ሹፌሩን አይሰድብም፤ ጠረኑን ብቻ አይወድም። ስለዚያ ጠረን ለሚስቱ ሲያጫውታት ሹፌሩ ከነልጆቹ ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ ይሰማል። መጨረሻው ላይ ደም የሚፈሰው በዚሁ ጠረን የተነሣ ነው። ከእኅቶቻችን አንዷ 10 ሰጠች። «ለምን?» ስንላት «ደስ ስላለኝ» አለች፤ እኛም ምክንያት የሌለው ማርክ ብለን አለፍነው።

ከሳምንት በኋላ፣ ስለዚያ ስለ ሄደው ልጅ ስንነጋገር፣ እርስዋ ራሷ ነገሩን አነሣችው። አንደኛ ዓመት የገባች ቀን ከእናቷ ማዕድ ቤት የወጣ ጋቢ ይዛ ነበር የመጣችው። ጋቢው ጢስ ጢስ ይሸታል፤ ለርስዋ የቤት ሽታ ነው። አልጋዋ ላይ ስትዘረጋው በክፍሉ ካሉት ልጆች አንዷ ተነሥታ መስኮት ከፈተች። «ክፉ አልተናገረችኝም፤ መስኮት ብቻ ከፈተች» አለችን። በማግስቱ ጋቢውን በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠበችው፤ ከዚያ በኋላ ተቆጨች። ይህን እንድንጽፍ የፈቀደችልን ስሟን እንዳንጠራ አስምላን ነው። ባትነግረን ኖሮ ደብተራችን ውስጥ ያለው 10 ከሌላው 10 በምን ይለይ ነበር?

ሌላም የደብተራችን ነውር አለ፤ እርሱን «የአገር ልጅ ማርክ» ብለነዋል። የአማርኛ ፊልም ሲሆን እጃችን ይሳሳል። «ሂሩት አባቷ ማነው» ከታየበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) አገራችን ፊልም የሚሠሩ ልጆች አላጣችም፤ ገንዘቡና መሣሪያው ከማን እጅ እንደሚገኝም ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ ድምፁ የማይሰማ፣ ከአንድ ሳሎን ወደ ሌላ ሳሎን ብቻ የሚዘዋወር፣ ሀብታሙ ልጅ ድኻ መስሎ የሚያፈቅርበትን ፊልም አይተን «ለኛ አገር ጥሩ ነው» እንልና ሁለት ማርክ እንጨምርለታለን። ይህ ለሠሪው የሚጠቅመው አይመስለንም። ድምፁ ሳይሰማ 8 ካገኘ ድምፁን ለምን ያስተካክል? በአንጻሩ ደግሞ የአማርኛ ፊልም መሆኑን ብቻ ሰምተው፣ ሳያዩ 2 የሚሰጡ አሉ። እነርሱን ለማሳመን ቀለም አናባክንም።

የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ያየነው በዚህ ልማድ ላይ ማጉረምረም ከጀመርን በኋላ ስለ ሆነ ይመስለናል፣ በመጠኑ በሐቅ ዳኘነው። በ2015 በካን በዋናው ዝግጅት ለመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ከነበጉ ከነጩኒ ዘመዶች ዘንድ ይቀመጣል፤ አጎቱ በጉን ለበዓል እንዲያርድ ያዝዘዋል፤ ልጁ ግን የሚወደው ወጥ መሥራት ነው፤ በጉንም ይዞ ለመሄድ ሳምቡሳ እየሸጠ ገንዘብ ይሰበስባል። ከተራራው ውበት የተነሣ 9 የሰጡ ነበሩ። «ለተራራው ማርክ የሚሰጠው ፈጣሪ ነው» ብላ 6 የሰጠች እኅት ነበረች፤ ጋዜጣ ከእጇ የማይለየው ዘመዱ ጽዮን ከልጁ ይልቅ ታሪክ ያላት መስላ ስለ ታየቻት፣ ፊልሙ እርስዋን ተከትሎ ቢሄድ ትመርጥ ነበር። በዚህ ላይ አንድ ሰዓት ተከራከርን። ዘበኛው መብራት አጠፉብን።

«ድፍረት» ግን ሌላ ነገር አስተማረን። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው፤ ለጋብቻ ተጠልፋ ጠላፊዋን በጥይት የገደለችውን የ14 ዓመት ልጅና የቆመችላትን ጠበቃ እውነተኛ ታሪክ መሠረት አድርጎ የተሠራ። በ2014 አሜሪካ አገር በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ ይህ ሽልማት እንደ ደብተራችን ሁሉ ያዩት ሰዎች በሚሰጡት ድምፅ የሚወሰን ነው። በዚያው ዓመት፣ በኛ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ላይ ተመልካች ተሰብስቦ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ታሪኩ የደረሰባት ሴት ፈቃዴን አልተጠየቅሁም ብላ ነበርና። እኛ ይህን ያወቅነው 8 እና 9 ከጻፍን በኋላ ነው። ማርኩ ይቀነስ ያለ ነበር፤ ፊልሙ ያው ነው፣ የተለወጠ የለም ያለም ነበር። እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ ደብተሯ ላይ ከ8 አጠገብ የጥያቄ ምልክት አለ።

እንግዲህ ሥርዓታችንን ለወጥነው። አሁን ፊልሙ እንዳለቀ ማንም ሳይናገር እያንዳንዱ በብጣሽ ወረቀት ማርኩን ይጽፋል፤ ከማርኩም ሥር ከፊልሙ ያየውን አንድ ነገር ጠቅሶ ምክንያቱን ያስቀምጣል። «ታሪኩ ደስ ይላል» ተቀባይነት የለውም። የተኛ ሰው «ተኝቻለሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ማርክ አይሰጥም፣ አይሳቅበትምም። የዓለምን ማርክ ቀድሞ በስልክ ያየ ሻይ ይገዛል። በዚህ በመጨረሻው ሕግ የተነሣ እስከ ዛሬ አራት ጊዜ ሻይ ጠጥተናል።

አንሶላውን አጥበን በሁለት ሰው አስይዘን ላክንለት። ልጁ ዘርግቶ አየውና «ማነው ያጠበው? አልጠራም» አለ። ያን ጊዜ እንደሚመለስ ዐወቅን።

የተመለሰውም በጣም ረዥም ፊልም በምናይበት ማታ ነበር። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ሐያስያንን እየጠየቀ የዓለምን ምርጥ ፊልም ያስመርጣል። መጀመሪያ ያሸነፈው ያ የኛ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር፤ ከ1962 እስከ 2002 ድረስ «ሲቲዝን ኬን» ቦታውን ያዘ፤ በ2012 «ቨርቲጎ» ተተካ፤ በ2022 ግን ሻንታል አከርማን የምትባል ቤልጅጋዊት በ1975 የሠራችው «ዣን ዲልማን» አንደኛ ወጣ። ይህ ፊልም 201 ደቂቃ ይፈጃል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሦስት ቀን ሙሉ አልጋ ስታነጥፍ፣ ጫማ ስትጠርግ፣ ድንች ስትልጥ እናያለን፤ በገቢ በኩል የምትሠራውን አንባቢ ራሱ አይቶ ይረዳው፤ በመጨረሻ ሰው ትገድላለች። ሐያስያን አንደኛ ስላሉት ብለን 10 እንደማንጽፍ አስቀድመን ተማምለን ነበር።

ብጣሽ ወረቀቶቹ ሲነበቡ ሦስት «ተኝቻለሁ» ተገኙ። አንዷ እኅታችን 2 ሰጥታ «ድንች ሲላጥ ለማየት እናቴ ዘንድ መሄድ አይሻለኝም?» ብላለች። ሌላዋ፣ ባለ ጋቢዋ ናት፣ 10 ሰጥታ «እናቴን አንድ ቀን እንኳ ሦስት ሰዓት ተቀምጬ አይቻት አላውቅም» ብላ ጻፈች። የጎጃሙ ልጅ 8 ሰጠ፤ ምክንያቱም «ሁለተኛው ቀን ላይ ድንቹ ከእሳት ሳይወርድ ቆይቶ ሲበላሽባት ደነገጥሁ፤ ድንች ያስደነግጠኛል ብዬ አልጠበቅሁም» የሚል ነበር።

«ለበሬ 3፣ ለድንች 8? ይህ ፍርድ ነው?» ብሎ አንዱ ተነሣ። ልጁ ሳቀ። «በሬውን ስለማውቀው ነው የምቆጣው» አለ። «እንዲያውም ከልሰን እንየው። አባባን ለዕረፍት ስሄድ ስለ ፊልሙ እነግራቸዋለሁ፤ እርሳቸው ይስጡት ካላችሁኝ ማርኩን ለርሳቸው እለቅላቸዋለሁ።» ከዚያ ክርክሩ እንደገና ተነሣ፤ ዘበኛውም እንደ ልማዳቸው መብራት አጠፉብን።

በሚመጣው ዓርብ የምናየው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ነው፤ በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ያገኘ፣ ጀርመን አገር ተምሮ በደርግ ዘመን ወደ አገሩ ስለ ተመለሰው ስለ አንበርብር የሚተርክ። መምህራንም ተማሪዎችም መምጣት ይችላሉ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ያህል ስለሚፈጅ እራት በልታችሁ ኑ። አንሶላ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የጎጃሙ ልጅ የራሱን አንሰጥም ብሏል።